ለሰልፍ የታጠበችው ቦቴ

ከጦርነቱ በኋላ ጅጅጋ ውስጥ የተሰጠኝ ሥራ ከጠላት የተማረኩ መኪኖችንና መሣሪያዎችን ለእኛ ጦር እንዲያገለግሉ አድርጎ መጠገን ነበር። ሲያወሩት ቀላል ነው። ጠላት ጥሎት የሸሸውን ደህና ደህናውን መኪና አዛዦቹ ይቀራመቱታል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ የተቃጠለው፣ ጥይት የበሳሳውና ፍየል ያደረበት ነው። ደግሞ "መሐንዲስ አይደለህ እንዴ?" ይሉኛል። መሐንዲስስ ነኝ፤ ጠንቋይ መሆኔን ግን ማን እንደነገራቸው እንጃ።

የእነሱም የእኛም መኪና ከአንድ አገር ፋብሪካ የመጣ ስለሆነ የአንዱ ብሎን ለሌላው ይገጥማል፤ ይህ ብቻ ነበር የሚያግዘኝ። ከአንዱ ሞተሩን፣ ከሌላው ሻንሲውን፣ ከሦስተኛው የናፍጣ ታንከሩን ፈትቼ አንዲት የውሃ ቦቴ ሠራሁ። ታንከሩን በአመድና በሳሙና ደጋግሜ ባሳጥበውም ናፍጣ ናፍጣ ማለቱን አልተወም። ወታደሮቹ ግን እያማረሩም ቢሆን ውሃውን ይጠጡታል። በአውበሬ በኩል ያለው ምሽግ ከእሷ ሌላ ተስፋ አልነበረውም። ጊዜው ጅላል ነው፤ በዚያ በደረቁ ወቅት ሰዉ የዝናብ ውሃ የሚያቁርበት ብርካ እንኳ ጭቃ ብቻ ቀርቶታል።

ከተማዋ ነጻ የወጣችበት አንደኛ ዓመት ሲደርስ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። የፖለቲካ ካድሬያችን፣ ተኩሱ ካበቃ በኋላ የመጣ ወጣት፣ ቦቴዋ በሰልፉ ላይ ካላለፈች ብሎ ድርቅ አለ።

"ጓድ፣ ውሃ ጭና ቆማለች። ነገ ጠዋት ወደ ምሽጉ መሄድ አለባት" አልኩት።

"ከሰልፉ በኋላ ትሄዳለች። ሕዝቡ የጠላት መሣሪያ ለአብዮቱ ሲያገለግል ማየት አለበት።"

"ሕዝቡማ ውሃ ስትቀዳ በየቀኑ ያያታል።"

"ጓድ መቶ አለቃ፣ ቅስቀሳ የሚባለው ነገር አልገባህም።"

እውነቱን ነው፣ አልገባኝም። እስከ ዛሬም አልገባኝም።

በሰልፉ ቀን ቦቴዋ እያብለጨለጨች መጣች። ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ተብሎ ተጽፏል። አልዋሽም፣ እኔም ደስ አለኝ። ሾፌሩ ግን ከሰልፉ ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ካድሬው በማለዳ ሰልፈኞቹን ሰብስቦ መኪናዋን አሳጥቧት ኖሯል። በምን? በራሷ ውሃ። እሷ አምራ ሲያያት ጊዜ ሌሎቹንም የሰልፍ መኪኖች በዚያው አሳጠባቸው።

ለማን አቤት ይባላል? ወደ ፓምፑ ብንሮጥ ተዘግቷል፤ ሠራተኛው መፈክር ይዞ ሰልፍ ላይ ነው። እሱን ስንፈልግ አጃቢው ጦር መንቀሳቀስ ጀመረ። ጦርነቱ ቢያልቅም ደፈጣው ስላልቀረ፣ ያን መንገድ ያለ አጃቢ መሄድ ሞትን መፈለግ ነው፤ ሌላ አጃቢ መቼ እንደሚወጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ታንከሩ ግርጌ የቀረችውን ውሃ ይዘን ወጣን። ሾፌሩ ብቻውን እንዲሰደብ ስላልፈለግሁ እኔም አብሬው ሄድኩ፤ መንገዱን ሙሉ ካድሬውን ስረግም ነበር።

ወታደሮቹ ጀሪካንና ኮዳቸውን ይዘው ተሰልፈው ጠበቁን። የምሽጉ ኃላፊ፣ ሽበት የጀመረው ሃምሳ አለቃ፣ ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ጥቂት ወረደና መንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ ወባ ለጣለው ወታደር ኮዳውን ሞላለት። የቀረውን በኩባያ አከፋፈለ፤ ከሰልፉ ኋላ ለቆሙት አልደረሳቸውም። እሱም አልጠጣም።

"ውሃው የት ሄደ ጌታዬ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"መኪናዋን አጠቡበት።"

ዞር ብሎ አያት። መንገዱ ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ አቧራ አልብሷት መፈክሩ እንኳ አይነበብም። ከዚያ እኔን አየኝ። በጅላል ጅጅጋ ገበያ ላይ ውሃ በምን ያህል ዋጋ እንደሚሸጥ የማያውቅ ወታደር የለም።

"እሺ ጌታዬ" አለኝና ወደ ሰዎቹ ተመለሰ። ሸጠውት መጡ ብሎ ነው።