አንድ ቁጥር ማሊያ ያልተሰጣበት ሰኞ

ዛሬ ጮቄ ኮከብ የሚባለው የእግር ኳስ ክለባችን ስለ ራሱ የሚያወራበት የፌስቡክ ገጽ ብቻ ነው ያለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አጥርም ነበረው።

አጥሩ የወይዘሮ የኔአለም ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ የቡድኑን ማሊያ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ፤ ሰኞ ጠዋት አጥበው መንገድ ዳር ባለው አጥራቸው ላይ ከአንድ ቁጥር ጀምረው በተራ ያሰጡታል። ደብረ ማርቆስም አጥሩን ታነባለች። ማሊያው የተቀደደ ተጫዋች ተጋድሏል፤ ጭቃ ያልነካው ሜዳ ላይ ሲንሸራሸር ውሏል፤ ማሊያው የጎደለ ወይ ታሟል ወይ ተባሯል። ባጃጆች እዚያ ሲደርሱ ይንፏቀቃሉ። መምሬ ወልደ ሩፋኤል እንኳ ከኪዳን ሲመለሱ ጥላቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንዳላዩ ሆነው፣ ቆጥረው ያልፋሉ። ደጀን ላይ ዓባይን ሊወርዱ የተዘጋጁ ሾፌሮች የአጥሩን ወሬ ሳይሰሙ ሞተር አያስነሡም ነበር ብል ማጋነን ነው፤ ግን ይባል ነበር።

አንድ ሰኞ አጥሩ ከሁለት ቁጥር ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይዘሮ የኔአለም ላም ዳልቻ፣ ገና ያልታጠበውን ክምር አሽትታ አሽትታ የግብ ጠባቂውን የአንሙትን ማሊያ መረጠች። ላም ጨው ትወዳለች፤ በዚያ ቡድን ውስጥ ደግሞ የሚያልበው ግብ ጠባቂው ብቻ ነበር። ተከላካዮቹ ለእንግዳ መንገድ የሚለቁ ጨዋ ልጆች ነበሩ። ሴትየዋ ሲደርሱ አንድ እጅጌ ተርፏል።

እሑድ ደግሞ ተሸንፈን ነበር። ስለዚህ ምሳ ሳይደርስ አንሙት ጨዋታ ሸጦ ተባረረ ተባለ።

ወይዘሮ የኔአለም እጅጌውን ይዘው ወደ ክለቡ ሕዝብ ግንኙነት ወደ ፍሥሐ ሄዱ። ፍሥሐ በፀሐይም በዝናብም ኮት የማያወልቅ ሰው ነው። ላም የሚለውን ቃል ሲሰማ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ ትልቅ ክለብ ማሊያዬን ላም በላችብኝ አይልም። ዝም ይበሉ። ካወሩ እጥበቱ ከእጅዎ ይወጣል።»

እሳቸው እንጀራቸው ነውና ዝም አሉ። ፍሥሐ ግን መግለጫ አወጣ፦ ክለቡ ስለ ግብ ጠባቂው የሚወራውን አያረጋግጥም፣ አያስተባብልም። በማግስቱ አንሙት ባሕር ዳር ቤት ገዛ ተባለ። ጉዳዩ እየተጣራ ነው የሚል ሁለተኛ መግለጫ ሲወጣ ቤቱ ፎቅ ሆነ። ሕዝቡ በትዕግሥት ይጠብቅ ሲባል ፎቁ ሊፍት ገባለት።

ከዚያ አንሙት ሻንጣውን ይዞ ወይዘሮ የኔአለምን ሊሰናበት መጣ። ኳስ በቃኝ፣ ደምበጫ ገብቼ ከአባቴ ጋር አርሳለሁ አላቸው። ገበያ ላይ አባቱን ሳይቀር «ልጅህ በስንት ሸጠን?» እያሏቸው ነበር።

«ፎቁ እውነት ቢሆን እኮ እርስዎንም ይዤ እገባ ነበር፣ እትዬ» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ አቃተው።

ወይዘሮ የኔአለም ሻንጣውን ተቀብለው ጓዳ አስገቡና ቆለፉበት፤ የእሑዱን ጨዋታ ሳትጫወት አትሄድም አሉት።

እሑድ፣ ዕረፍት ላይ፣ ዳልቻን በገመድ እየሳቡ ሜዳው በር ደረሱ። ጥበቃው ለላም ቲኬት ይቆረጥ አይቆረጥ ሲያስብ አለፉት። አንሙትን ያላበውን ማሊያ አስወልቀው ሣሩ ላይ ጣሉት። ዳልቻ ያን ሁሉ ለምለም ሣር ንቃ ማሊያውን አነሣችና ማኘክ ጀመረች።

ተመልካቹ ሊያይ ተነሣ።

«ጨዋታውን የገዛችው ይቺ ናት» አሉ ወይዘሮ የኔአለም። «ፎቋም በረቷ ነው።»

ሳቁ ጮቄ ተራራ ደርሶ ተመለሰ። አንሙትን ተሸክመው ሜዳውን ዞሩ፤ ከተሸካሚዎቹ ውስጥ ሊፍቱን ያስገቡለትም ነበሩበት።

ፍሥሐ ግን ቃሉን ጠበቀ፤ እጥበቱ ለማሽን ተሰጠ። ማሊያው ዛሬ ከክለቡ ግቢ አይወጣም፤ ማን እንደ ተጋደለ፣ ማን እንደ ተንሸራሸረ የሚያውቅ የለም። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ የኔአለም እጃቸው ሥራ ይፈልጋል፤ የታጠበ ነጠላቸውን ደግመው ያጥባሉ። ባጃጆቹም አጥሩ ጋ ሲደርሱ ከልማድ ቀስ ይላሉ፤ ከዚያ ይሄዳሉ።

አንሙት እስካሁን ግባችንን ይጠብቃል። ደምበጫ የሚሄደው ለጥየቃ ነው፤ አባቱም ገበያ ሲወጡ ቀና ብለው ነው።