ኮፈኑ ላይ ያረፈ መዳፍ

በኤሌክትሪክ የምትሄደው ፒካፔ የመጋላ ሰፈርን ኮረኮንች ባለፍኩ ቁጥር ከፊት ቋ ቋ ስትልብኝ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። «ስታቢላይዘር ሊንኮቹ፣ ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ያሉት ማያያዣ ዘንጎች፣ አልቀዋል፤ ይቀየራሉ። እጄ እንዲገባ መሪውን ጠምዝዝልኝ» አለ። አብርቼ ጠመዘዝኩና ወረድኩ። እሱም ዕድሜ ልኩን እንደለመደው ኮፈኑን በመዳፉ ዳበሰ። ድምፅም ንዝረትም የለም። «ጠፍታለች» ብሎ ከሥሯ ገባ።

ውሃዬን ላነሳ እጄን በመስኮት ስሰድ ዳሽቦርዱ ቦግ ብሏል። ዝም አለች እንጂ በርታለች። ክርኔ ማርሹን ሊነካ የቀረው አንድ ጣት ነው።

«ጋሼ ውጣ! አልጠፋችም!»

እየተሳበ ወጣ። ድንጋይ ራስ እያልኩ ራሴን እየሰደብኩ አጠፋኋት። አልተቆጣኝም። መዳፉን እንደገና ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ ጠበቀ፤ አነሳና አየው።

«አሁንስ ጠፍታለች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔን፣ ማጥፋት የረሳሁትን።