ለገዛ ስፌት መኪናዬ የከፈልኩት ቀረጥ

ትንሽ ጊዜ ስጡኝና አንድ ጉድ ላጫውታችሁ፤ አትጸጸቱበትም። እኔ እዚህ አሰብ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የባሕሩ ጨው በላውና መርፌው አልወርድ አለ። መለዋወጫው እዚህ ስለማይገኝ በጀልባ ኤደን ወስጄ አሠራሁትና ተሸክሜው ተመለስኩ። አብረውኝ የመጡት ጨርቅና ሽቶ የሸመቱ ነበሩ፤ ቀረጥ ከፈሉ፣ ይገባቸዋል። ተራው የእኔ ሲሆን የጉምሩኩ ሹም መኪናውን ዞሮ አየና «አንተም ክፈል!» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ቀረጥ ማለት ከውጭ ተገዝቶ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ነው» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ይህ ግን ከዚሁ ሄዶ ታክሞ የመጣ ነው። ሰው ኤደን ታክሞ ሲመለስ ቀረጥ ይከፍላል?»

«ሲወጣ አስመዝግበኸዋል?»

«ኧረ አላስመዘገብኩም።»

«እንግዲያው የኤደን ዕቃ ነው። ካልከፈልክ መጋዘን ይገባል።»

መጋዘን ከገባ ምን ሠርቼ እበላለሁ? ቀለሙ መላጡን፣ እጀታው በእጄ ማለቁን አሳየሁት። ጎረቤቶቼን ለምስክርነት ልጥራ ብዬም ለመንኩት።

«ምስክር ምን ያደርግልሃል?» አለኝ ረጋ ብሎ። «ይሄ የለበስኩት ሱሪ በዚሁ መኪና መሰፋቱን አጥቼው መሰለህ? የለካኸኝ እኮ አንተ ነህ! ወረቀት ግን የለህም።»

ደሜ እየፈላ ከፈልኩ። ደረሰኙን ሲሰጠኝ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«መኪናው ደህና ከተሠራ፣ ለቅዳሜ አንድ ሱሪ ድገመኝ።»

ውሸት ከመሰላችሁ የገዛ ፋኖሳችሁን ይዛችሁ ኤደን ደርሳችሁ ተመለሱ። ሞክሩት እስቲ!