ቡርጊ «አንተ» ያለች ቀን

ቡርጊን ማግኘት የፈለገ በሐምሌ ሙቀት ክላገንፈርት ከተማ ሐይቅ ዳር፣ እኛ መዋኛ ይምጣና ትልቁ ዛፍ ሥር ይመልከት። አበባ ያለበት ኮፍያ፣ ቀይ የዋና ልብስ፣ ቦታውን ማንም እንዳይወስደው በማለዳ የተነጠፈ ፎጣ ካየ፣ እሷው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሙሽራ ስታለብስ ኖራ፣ ራሷ አንድ ቀን እንኳ ቬሎ ሳትለብስ ጡረታ ወጣች። እኔ እዚያው መዋኛው ውስጥ ድንች እጠብሳለሁ፣ ወንበርም አከራያለሁ፤ ከመስኮቴ የማላየው ነገር የለም።

ከፎጣዋ አጠገብ የአቶ አልዊን ሞሪች ወንበር አለ። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጺማቸው እንደ ጥጥ የነጣ ጡረተኛ የባቡር ተቆጣጣሪ ናቸው። ሁለቱ ቼሪውን ከአንድ ከረጢት ይበላሉ፣ ጋዜጣውን ለሁለት ይካፈላሉ። «ጀርባዎን ቅባት ልቀባዎት?» ትላለች። «ካላስቸገርኩዎት» ይላሉ። ዝናብ ሲሆን አብረው ፊላህ ከተማ ፍልውሃ ይሄዳሉ። እንፋሎት ቤት ውስጥ እንደ አገሩ ደንብ ራቁታቸውን ተቀምጠው እንኳ «እባክዎን ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ይባባላሉ! በሳቅ ልሞት።

በእኛ ዘንድ «አንተ»፣ «አንቺ» ዝም ብሎ አይጀመርም። ታላቅ ለታናሽ፣ ሴትም ለወንድ ሲፈቅዱ ነው። አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ወደ «እርስዎ» መመለስ ነውር ነው። ቡርጊ ነጩን ጺም አይታ ታላቄ ናቸው፣ እሳቸው ይጀምሩ ትላለች። እሳቸው ደግሞ ሴቷ ትጀምር ብለው ይጠብቃሉ።

«አንቺ ለምን አትጀምሪም?» አልኳት አንድ ቀን።

«እኔን ብሎ ደፋር! ልቅለልልሽ እንዴ?»

«ቀለልሽም አልቀለልሽም ወደሽ አልቀሻል።»

«ድንችሽ እንዳያርብሽ!» አለችኝ፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

በዚያው በጋ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አቶ ሞሪች ቢራቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ «ወንበሬን ለሌላ ሰው ይስጡት። መስከረም ላይ ግራትስ ከተማ፣ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው» አሉኝ።

«ምን ጎደለብዎት?»

ብርጭቆውን አዞሩት። «ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ከተማ አንተ የሚለኝ ሰው የለም። ባለሱቁ እርስዎ፣ ሐኪሙ እርስዎ፣ ጎረቤቴ እርስዎ። ልጄ ቢያንስ አባባ ትለኛለች።»

አንጀቴን በሉት። ወዲያው ሄጄ ለቡርጊ ነገርኳት። «ይሂዱ እንግዲህ፣ እኔ ምን አገባኝ» አለችና ጥቁር መነጽሯን አደረገች። ከመነጽሩ ሥር እንባዋ ሲወርድ አየሁ።

በማግስቱ አቶ ሞሪች እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው በጀርባቸው ተንሳፍፈዋል። በዚያ በኩል አንድ ቀዛፊ ጀልባውን እያበረረ መጣ፤ ቀዛፊ ደግሞ የሚያየው የመጣበትን ነው። ቡርጊ ውኃው ላይ ወደተዘረጋው የእንጨት መረማመጃ ሮጠች።

«አቶ ሞሪች! ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከቻሉ እባክዎን ትንሽ ወደ ግራዎ...»

ጨዋነቷን ሳትጨርስ ጀልባው ደረሰ።

«አንተ! አልዊን! ዞር በል አንተ ደንቆሮ!»

ሜዳው ላይ ያለው ሰው በሙሉ ዞረ። እሳቸውም ዞሩ፤ ኮፍያቸውን ብቻ መቅዘፊያው ወሰደው።

ውኃ እያንጠባጠቡ ሲወጡ ቡርጊ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። «ይቅርታ፣ እርስዎን እንዲህ...»

«የለም፣ የለም! አንዴ ካልሽ አልሽ። ደንቆሮውንም ጨምሬ ተቀብያለሁ።» ከጺማቸው ውኃውን ጨመቁ። «ይሄን ሁሉ ዘመን እኮ አንቺን ነው የጠበቅኩት። ሴት ነሽ፣ በዚያ ላይ ታላቄ ነሽ።»

«ማ? እኔ? ያንተ ታላቅ?»

እዚያው እርጥብ እንደሆኑ በልደት ቀን ተከራከሩ። እውነትም በጥቂት ወራት ትበልጣለች። «ይሄን አሳሳች ጺምህን ነገ ትላጨዋለህ!» አለቻቸው፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ማታ ሐይቁን ቁልቁል የሚያሳየው ኮረብታ ላይ ወዳለ ምግብ ቤት በረንዳ ወጣን፤ እኔ ምስክር ነኝ። ናና ያለበት፣ አይብ የተሞላ የሊጥ ቅቅላችንን በላን። ከዚያ እንደ «አንተ»ና «አንቺ» መጀመሪያው ደንብ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ወይናቸውን ጠጡ። ደንቡ ቀጥሎ ጉንጭ መሳም ነው። ቡርጊ ጉንጩን ሳተችው። ሆን ብላ ይሁን በስህተት አልጠየቅኩም፤ ከደስታዬ ብዛት ስቅስቅ ብዬ እያለቀስኩ ነበር።

ወንበሩን ለማንም አልሰጠሁትም። ዛሬም ቡርጊ ከዛፉ ሥር ትጮኻለች፦ «አልዊን! ድንችህ ቀዘቀዘ! አንተ!» ከሐይቁ ማዶ የባቡር ፊሽካ የሚሰሙት ሰውዬ መስኮቴ ላይ ተደግፈው ዝም።

«አንተ! አትሰማም እንዴ?»

«ሰምተዋታል አይደል?» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ገና ድሮ» አሉኝ። «እስቲ ትድገመው።»