አያቴ ያልተቀበሉት አገር

ልጅ ሳለሁ የዚህ ዓለም ተረት ሁሉ መንዝ ውስጥ የተፈጸመ ይመስለኝ ነበር። ብልጧ ጦጣም፣ ሆዳሙ ጅብም፣ ባሏን ያታለለችው ሴትም የሚኖሩት አያቴ ከተወለዱበት ቤት ጀርባ፣ ጉብታው ላይ ነበር። እኔ ግን መንዝን አይቼው አላውቅም። የማውቀው አራዳን፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ያለችውን አንድ ክፍል ቤታችንንና በበራችን የሚያልፈውን ገበያተኛ ብቻ ነበር። እናትና አባቴን ገና ዳዴ ሳልል የኅዳር በሽታ ስለወሰዳቸው ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው።

ያኔ ማታ ማታ፣ የባሕር ዛፉ ጭራሮ ነዶ ሲያበቃና ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር፣ ኩራዙን ወደ እኔ አስጠግተው እሳቸው ከጨለማው በኩል ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። «የኔ እጅ ብርሃን አይፈልግም፣ ጨለማ የምትፈሪው አንቺ ነሽ» ይሉኛል። ባዘቶው በጣታቸው መሃል እየቀጠነ ሲወርድ ተረቱም አብሮት ይወርዳል። ጎረቤት ሰላም ሲለኝ እንኳ ነጠላቸው ውስጥ የምደበቅ ልጅ ስለነበርኩ፣ ከተረቱ በኋላ እንቆቅልሽ ይጠይቁኛል፤ አሁን ሳስበው አፌን ሊያስፈቱኝ ነበር። በእንቆቅልሽ ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጎንደርን ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሐረርን፣ ጅማን። መንዝን ግን ሰጥቻቸው አላውቅም። ከሰጠኋቸው ትተውኝ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጥቅምት ላይ ታናሽ ወንድማቸው አያ ደምሴ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ጭነው ከመንዝ ወደ አራዳ ገበያ መጡ። ባናውን ሸጠው ሲያበቁ፣ አመሻሹ ላይ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እየሰማሁ፣

«እትዬ፣ ዘንድሮ አብረን እንሂድ» አሏቸው። «በቅሎዋ ባዶዋን ነው የምትመለሰው። ከርሞ በቅሎ ላይ የሚያወጣ ጉልበት አይኖርሽም።»

«ልጅቷስ?»

«አንዲት እመቤት ቤት ትግባ። አራዳ ሠራተኛ የሚፈልግ ቤት ሞልቷል። እዚህ ብትሞቺ ማን ሊያለቅስልሽ ነው፣ ጎረቤትሽ ጨው ነጋዴው?»

አያቴ እንዝርታቸውን ማዞር ቀጠሉ። ከእናታቸው መቃብር አጠገብ መቀበር እንደሚመኙ አውቃለሁ፤ ሲጸልዩ ሰምቻቸዋለሁ። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ጠሩኝና እንደ ሁልጊዜው «እንቆቅልሽ» አሉኝ።

«ምን አውቅልዎት።»

«በዞረች ቁጥር ትወፍራለች።»

እንዝርቷ እጃቸው ላይ እየዞረች ነበር። መልሱን ዓይኔ አይቶታል፤ ግን አያ ደምሴ ትክ ብለው ሲያዩኝ ፊቴን በአያቴ ነጠላ ሸፈንኩ።

«አላወቀችም» አሉ እየሳቁ። «በይ አገር ስጪያት። መንዝን ስጪያትና ይዣት ልሂድ።»

እሳቸው ቀልዳቸውን ነበር። ለእኔ ግን አገሩ በእውነት በእጄ ያለ፣ ብነፍግ የአያቴ ምኞት በእኔ ምክንያት የሚቀር መሰለኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ «መንዝን ሰጠሁዎት» አልኩ።

እንዝርቷ ቆመች። በጨዋታው ሕግ የተሰጠ አገር አይመለስም፤ ጠያቂው ተቀብሎ ይነግሥበታል እንጂ። አያቴ ግን «አልቀበልም፣ ሌላ ስጪኝ» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ ደግሞ የት አገር ያለ ጨዋታ ነው?»

«አራዳን ስጪኝ።»

«አራዳም አገር ሆኖ? ገበያ አይደለም እንዴ?»

«ገበያም ይሁን። ስጪኝ፣ ልጄ።»

ሰጠኋቸው።

በማግስቱ አያ ደምሴ ባዶዋን በቅሎ እየሳቡ ሄዱ። አያቴ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ተረቱ ቦታ ለወጠ። ጅቡ ከቀበና ወንዝ ይወጣ ጀመር፤ ጦጣዋም አራዳ ገብታ ከማር ሻጩ ጋር ትከራከራለች። የማውቀው ሰፈር ስለሆነ ደስ ብሎኝ እስቅ ነበር። መንዝን ሲያነሱ ግን ዳግመኛ አልሰማኋቸውም፤ ለእኔ ሲሉ ምን እንደተዉ የገባኝ ካለፉ በኋላ ነው።

ያረፉት አምና በክረምት ነው። ጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ፣ ከማናውቃቸው ሰዎች መቃብር መሃል ተቀበሩ። ለቀስተኞቹ ጥቂት ጎረቤቶችና ፈትላቸውን የሚወስዱት ሸማኔ ብቻ ነበሩ። አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እኔም እየፈተልኩ እኖራለሁ። ሲመሽ አንዳንዴ ድምፄን አውጥቼ ተረት እጀምራለሁ፤ ነገር ግን «እሺ፣ ከዚያስ» የሚል ሰው ስለሌለ መሃል ላይ አቋርጠዋለሁ።

አያ ደምሴ መርዶውን የሰሙት ዘግይተው ነው። መጥተው መቃብሩ ላይ ካለቀሱ በኋላ «በይ አንቺም ነይ፣ ዘመድሽ ያለው መንዝ ነው» አሉኝ። ከልባቸው ነበር። መሄድም አምሮኝ ነበር፤ የሚጠራኝ ሰው ያለበት ቤት ናፍቆኛል። ግን እኔ ከሄድኩ በዚያ ቅጽር ውስጥ የአያቴን ስም የሚያውቅ አንድም ሰው አይኖርም። ዓይናቸውን እያየሁ «እዚሁ እሆናለሁ» አልኳቸው።

አልተቆጡኝም። እሑድ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እኔ እዚያው ቅጽሩ ውስጥ፣ ከአያቴ መቃብር አጠገብ ጥቂት እቆያለሁ።