ጅማት የሌለው ሥጋ

ሥራዬ ከአኩሪ አተር ሥጋ መሥራት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ በቀጥታ መናገር ከተውኩ ቆይቻለሁ። «ላብራቶሪ ነው የምሠራው» እላለሁ፤ ደም የምመረምር ይመስላቸውና ሌላ አይጠይቁኝም። ጅማ ውስጥ ባለች አንዲት የምርምር ክፍል ነው የምውለው። ዘይቱ የወጣለትን የአኩሪ አተር ዱቄት አቡክቼ በጋለ ማሽን ውስጥ አሳልፈዋለሁ፤ በሌላው ጫፍ እንደተበጣጠሰ ገመድ ሆኖ ይወጣል። ደርቆ ይቀመጣል፣ ሲቀቀል ያብጣል። በደንብ ከተቀመመ፣ ላላወቀው ሰው ሥጋ ነው።

እዚያው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ለአረፋ ከየቤቱ ሥጋ በሳህን ይመጣልኛል። አንድ ዓመት ሳህኖቹን ባዷቸውን ላለመመለስ ብዬ የእጄን ሥራ ወጥ አድርጌ ሞላሁባቸው። በማግስቱ አጥር ሥር ድመት ስትበላው አየሁ። ከየትኛው ቤት እንደተደፋ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ሳህን የምመልሰው ብርቱካን አድርጌበት ነው።

አባቴ ከጅማ ወጣ ብሎ ደዶ ነው የሚኖሩት። እናቴ ካለፈች ወዲህ ከአንዲት ቡሬ ላም ጋር ብቻቸውን ናቸው። ልጅ ሳለሁ በረታችን ሙሉ ነበር፤ የሰፈሩ ከብት ሁሉ አንድ ላይ የሚውልበት ሰፊ የግጦሽ መሬትም ነበረ። መሬቱ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይጣላ፣ ግማሹ ጫት ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆነ። ከብቱም አንድ አንድ እያለ ተሸጠ። የቀረችው ቡሬዋ ናት። አባቴ በየቀኑ ማጭድ ይዘው ከመንገድ ዳርና ከሰው ማሳ ጥግ ሣር ያጭዱላታል።

ባለፈው ዓመት ዐይናቸውን ሞራ ጋረደውና ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው ጅማ አመጣኋቸው። ላሟን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው መጡ። ከተሠሩ በኋላ አንድ ዐይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ እኔ ዘንድ ሰነበቱ። አልጋዬን ለቅቄላቸው መሬት ላይ ፍራሽ አነጥፌ ተኛሁ። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩ መጀመሪያ አስደነገጠኝ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግን እርምጃዬ ራሱ ሲፈጥን ተሰማኝ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ከሥራ ያመጣሁትን አኩሪ አተር ቀይ ወጥ ሠርቼ አቀረብኩላቸው። ሥጋ ነው አልኳቸው። ለክፋት አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን አርደው ያከፋፈሉ ሰው ምላስ ካላወቀው፣ የማንም ምላስ አያውቀውም ብዬ ነበር። በመሥሪያ ቤት እንዲቀምሱልን የምንጠራቸው ሰዎች «ጥሩ ነው» ብለው ፈርመው ይሄዳሉ፤ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም።

አባቴ ቢስሚላህ ብለው በሉ። በጣታቸው አንዷን ቁራጭ ለሁለት ስንጥቅ አድርገው ትንሽ ቆዩና ጎረሱ። አልሐምዱሊላህ ብለው እጃቸውን ታጠቡ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

«ዛሬም ሥጋ ነው?» አሉኝ በአራተኛው ቀን።

«አዎ አባ። አልጣመዎትም እንዴ?»

«ጋሪ ነው» አሉኝ በኦሮምኛቸው፤ «ጥሩ ነው። ብይ አንቺም።»

የዚያን ቀን ለሥራ ባልደረባዬ ደውዬ «አለፈ!» አልኳት። ደስታዬን የምነግረው ሌላ ሰው አልነበረኝም። እሷም ምን እንዳለፈ እስክገልጽላት ድረስ ግራ ገብቷት ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ክፍት ነው፤ አባቴ የሉም። ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ከታች፣ ከሱቆቹ በኩል፣ አንድ እጃቸውን በየአጥሩ ላይ እያሳረፉ ቀስ ብለው ሲመጡ አየኋቸው። በሌላው እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለዋል። ሥጋ ቤት ሄደው ነበር፤ በአንድ ዐይን፣ በማያውቁት ሰፈር።

«አባ! ሐኪሙ ከቤት አይውጡ አላለም?»

ቤት ገብተው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ አጠገባቸው ስቀመጥ ፌስታሉን ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ «ልጄ» ሲሉኝ ድምፃቸው ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። «ሥጋ ከገዛሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምኑን ደበቅኩዎት?»

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ጅማት የለውም። ጥርስ ውስጥ አይቀርም። ሥጋ ነው ብለሽ ስታቀርቢው፣ እንዳላሳፍርሽ ብዬ በላሁ። ቸግሮሽ ነው ብዬ።»

ያንን ሁሉ ቀን እኔ ያታለልኳቸው ሲመስለኝ እሳቸው የእኔን ችግር እያኘኩ ነበር። ሥራዬ ይሄ መሆኑን፣ ማሽኑን፣ ዱቄቱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው እንባዬ ይወርድ ነበር፤ እሳቸው ግን ፈገግ ማለት ጀመሩ።

«ደሞዝ የሚከፍሉሽ ለዚህ ነው? ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የገዙትን ሥጋ ጠብሼ አብረን በላን። ከበላን በኋላ ግን እጃቸውን ታጥበው «ታዲያ ሰው ሁሉ ይሄን የአንቺን መብላት ሲጀምር፣ ላሟን ምን ያደርጓታል?» አሉኝ።

በስብሰባ ላይ የምንለውን ነገርኳቸው። ግጦሹ እየጠበበ፣ ሰው እየበዛ መሆኑን፤ ከብት ጥቂት ሆኖ፣ በደንብ ተቀልቦ፣ ለወተት እንደሚቀር።

«ወተቱንስ ከአኩሪ አተር አትሠሩም?»

ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ባልደረባዬ የምትሠራው እሱኑ ነው።

ፋሻው ሲፈታ ደዶ አደረስኳቸው። ላሟ አጥንቷ ወጥቶ ነበር። ድምፃቸውን ስትሰማ ጮኸች፤ አባቴ እኔንም ሻንጣውንም ትተው ወደ በረቱ ገቡ። እስኪወጡ ውጭ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«አባ፣ ሣሩን ከእንግዲህ በምን አቅም ያጭዳሉ? ይሽጧትና እኔ ጋ ይምጡ» አልኳቸው።

«ጠዋት ማን ይቀሰቅሰኛል?»

«እኔ እቀሰቅስዎታለሁ።»

«አንቺ ሥራ ትሄጃለሽ። እሷ ግን ሲርባት ትጠራኛለች። ማጭዴን ይዤ እወጣለሁ፣ ከሰው ጋር ሰላም እባባላለሁ። እሷ ባትኖር ለምን ብዬ እወጣለሁ?»

ይህን ሲሉኝ ስለ እኔም የተናገሩ መሰለኝ። ወደ ጅማ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ደጋግማ አወራችኝ፤ አንድም ቃል አልሰማኋትም። ቤት ገብቼ ፍራሹን ጠቅልዬ አነሳሁ። እሳቸው ይበሉበት የነበረውን ሳህን ግን ለብዙ ቀን ከመደርደሪያው አውርጄ አልተጠቀምኩበትም።

በጋው ሲበረታ ደወሉልኝ።

«ሰጠኋት» አሉ። ማንን ብዬ አልጠየቅኩም። ነጋዴ በአይሱዙ ጭኗት ሄዷል። ወዴት እንደሚወስዳት ጠይቀውት እንደሆነ ስጠይቃቸው «አልጠየቅኩም» አሉኝ። «ሣሩ አለቀ። እሷም ከምትሰቃይ ብዬ ነው።» ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ እኔም ስለ ጤናቸው ጠየቅኩ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ ደዶ ሄድኩ። የአባቴ ቤት ተቆልፏል። ደነገጥኩ። ላሟን አደራ ተቀብለው የነበሩት ጎረቤት ከበራቸው ሆነው በእጃቸው ጠቆሙኝ። «በየቀኑ ማለዳ እዚያ ናቸው» አሉኝ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ሁለት የፈረንጅ ላሞች ታረባለች። ከበረት አይወጡም፤ ፉርሽካና የተገዛ ድርቆሽ ነው የሚበሉት። በቆርቆሮው ክፍተት ሳይ አባቴ ገንዳው አጠገብ ቆመዋል። ፉርሽካውን በእጃቸው እየበተኑ አንደኛዋን ላም ያናግሯታል። ምን እንደሚሏት አይሰማም። ላሟ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያለበት ቢጫ ፕላስቲክ ተሰክቶባታል፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም፤ ትበላለች። ሴትየዋ ከበስተኋላ በረቱን ትጠርጋለች፤ የለመደችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ በአዲሱ ዐይናቸው ከሩቅ ለዩኝ።

«መቼ መጣሽ?» አሉ፤ ትንሽ አፍረው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ።

«አሁን ነው አባ።»

ወደ ቤት አብረን ሄድን። እኔ በሩን ከፈትኩ፣ እሳቸው መስኮቱን። ስለ ከብት አላወራንም።