የመኪያ ቀይ ከንፈር

ጄኔቭ ከገባሁ ወዲህ ቀድሞ የኖርኩባት ጀርመንኛ ተናጋሪዋ ከተማ ቪንተርቱር ስትናፍቀኝ መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ መኪያ ናት። ነፍሰ ጡር የሐረር ልጅ ነበረች፤ ሐኪም ቤት ሳስተረጉምላት ተዋወቅን። ጫት ስታጣ ስሪላንካዊት ጎረቤቷ በቅጠል የተጠቀለለ ፍሬ ትሰጣታለች። "ሳኝከው የእማዬ ቤት በርጫ ይመጣብኛል" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን አዋላጇ የምታኝከው ነገር እንዳለ ጠየቀቻት።

"የለም በያት" አለችኝ መኪያ፣ ከንፈሯ በፍሬው ቀልቶ።

"ልጁን ቢጎዳውስ?"

"አቦ አታጋልጪኝ። አገሬን የማገኘው በሱ ብቻ ነው።"

አንገቴን ደፍቼ በጀርመንኛ "የለም ትላለች" አልኩ።

አዋላጇ የመኪያን ከንፈር አየት አድርጋ ፈገግ አለች።

"እናቴም ስሪላንካዊት ናት። እኔን አርግዛ ስታኝክ ከንፈሯ ልክ እንዲህ ነበር። ስወለድ ከዳቦ አልበልጥም ነበር፤ ለሳምንታት ማሞቂያ ውስጥ አቆዩኝ። ይቺን እንኳ ሳትደብቂ ተርጉሚላት።"